የመቶ ዓመቱ ጦርነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ከ1337 እስከ 1453 በእንግሊዝና በፈረንሳይ ነገሥታት መካከል ስለተካሄደው ጦርነት በብዛት የሚነሱ ጥያቄዎችን ይመልሳል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ ለሚፈልግ ራሱን የቻለ ጥያቄ ከታች አለ።

ጦርነቱ በእርግጥ መቶ ዓመት ፈጅቷል?

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲቆጠር 116 ዓመት ነው። ስሙን ያወጡለት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የታሪክ ጸሐፊዎች ናቸው፤ የተዋጉት ሰዎች ሁሉንም አንድ ጦርነት ብለው አልጠሩትም። ለጥናት እንዲመች በሦስት ይከፈላል፦ የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ ዘመን ከ1337 እስከ 1360፣ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሻርል 5ኛ መልሶ ማጥቃት ከ1369 እስከ 1389፣ ከእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 5ኛ ዘመቻ እስከ ፍጻሜው ደግሞ ከ1415 እስከ 1453። በመካከላቸው ረጃጅም ዕርቆች ነበሩ።

ትልልቅ የሚባሉት የሜዳ ውጊያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቀሪው ዘመን ከበባ፣ ዘረፋ፣ ድርድርና ግብር መሰብሰብ ነው። ይህን ያልያዘ አንባቢ አንድ እንቆቅልሽ ይገጥመዋል፦ እንግሊዞች ክሬሲንም፣ ፗቲየንም፣ አዛንኩርንም አሸንፈው ጦርነቱን ራሱን እንዴት ተሸነፉ? ከታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ ወደዚያ ጥያቄ ይመለሳሉ።

የጠቡ ሥር ምንድን ነው? ዙፋን ነው ወይስ መሬት?

መሬቱ ይቀድማል። የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም በ1066 እንግሊዝን ከያዘ ጀምሮ የእንግሊዝ ነገሥታት በፈረንሳይ ምድር ርስት ነበራቸው። በ1152 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ያለው የአኪቴን ግዛት ባለ ርስት ኤሌኖር ሄንሪ ፕላንታጀኔትን አገባች፤ እሱም ከሁለት ዓመት በኋላ ሄንሪ 2ኛ ተብሎ በእንግሊዝ ነገሠ። በዚህ ጋብቻ የፈረንሳይ ምዕራባዊ ክፍል በአብዛኛው በእሱ እጅ ወደቀ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ፊሊፕ ኦጉስት በ1204 ኖርማንዲን ከሄንሪ ልጅ ከጆን ቢወስድም ቦርዶንና ዙሪያዋን የሚይዘው ደቡባዊ ምዕራቡ ክፍል፣ ጉየን፣ በእንግሊዞች እጅ ቀረ።

ችግሩ የጉየን ይዞታ ዓይነት ነው። በ1259 በፓሪስ በተደረገው ስምምነት መሠረት የእንግሊዙ ንጉሥ ጉየንን የሚይዘው የፈረንሳዩ ንጉሥ ገባር ሆኖ ነው። ስለዚህ በአገሩ ንጉሥ የሆነ ሰው አዲስ የፈረንሳይ ንጉሥ በነገሠ ቁጥር ባሕር ተሻግሮ፣ ተንበርክኮ እጅ መንሳት ነበረበት። ከክብር ጉዳይ የባሰውም አለ፦ የእንግሊዙ ዳኛ በቦርዶ የፈረደበት የጉየን ባላባት ይግባኙን ወደ ፓሪስ መውሰድ ይችላል። የፓሪስ ፍርድ ቤት ይግባኙን በተቀበለ ቁጥር የእንግሊዙ ንጉሥ ሥልጣን በገዛ ግዛቱ ይሸረሸራል። የፈረንሳይ ነገሥታት ጉየንን በ1294 እና በ1324 ወርሰው መልሰው ነበር። ፊሊፕ 6ኛ በግንቦት 1337 ለሦስተኛ ጊዜ ወረሳት፤ ጦርነቱ የሚቆጠረውም ከዚያ ቀን ነው።

የገንዘብ ጥቅምም ነበረበት። ቦርዶ ለእንግሊዝ ወይን ትልካለች፤ በፈረንሳይ ንጉሥ ሥር የነበረችው የፍላንደርስ ሸማኔዎች ደግሞ ያለ እንግሊዝ ሱፍ ሥራ ይፈታሉ። ስኮትላንድም ከ1295 ጀምሮ የፈረንሳይ አጋር ስለነበረች ኤድዋርድ 3ኛ ወደ ሰሜን በዘመተ ቁጥር ከጀርባው ፈረንሳይ ትነሣበታለች።

ታዲያ ኤድዋርድ 3ኛ የፈረንሳይ ዙፋን የእኔ ነው ያለው በምን መብት ነው?

በእናቱ በኩል። የፈረንሳዩ ፊሊፕ 4ኛ በ1314 ሲሞት ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ሦስቱም ተራ በተራ ነገሡ፤ አንዳቸውም የሚነግሥ ወንድ ልጅ ሳይተኩ አለቁ። የመጀመሪያው ወንድም የተወው ሕፃን ዣን 1ኛ የኖረው አምስት ቀን ብቻ ነው። የመጨረሻው፣ ሻርል 4ኛ፣ በ1328 ሲሞት እህታቸው ኢዛቤል የእንግሊዝ ንግሥት እናት ነበረች፤ ልጇ ኤድዋርድ ለሟቹ የእህት ልጅ ነው። የፈረንሳይ መኳንንት ግን ዘውዱን ለአጎታቸው ልጅ ለፊሊፕ ዘ ቫሏ፣ ማለትም ለፊሊፕ 6ኛ፣ ሰጡት።

«የሳሊክ ሕግ፣ የጥንቶቹ ፍራንኮች ሕግ፣ ሴትን ከዙፋን ይከለክላል» የሚባለው ክርክር በ1328 አልተነሣም፤ ጠበቆች ቆፍረው ያወጡትና የመከራከሪያ ምሰሶ ያደረጉት ቆይቶ ነው። በወቅቱ የወሰነው ፖለቲካ ነው። ኤድዋርድ የ15 ዓመት ልጅ፣ ባዕድ፣ በእናቱ ሞግዚትነት ሥር ያለ ነበር። ፊሊፕ ደግሞ ጎልማሳና የአገር ልጅ ነው። ኤድዋርድም በ1329 አሚየን ድረስ ሄዶ ለፊሊፕ እጅ ነሥቷል። «የፈረንሳይ ንጉሥ» የሚለውን ስም የወሰደው ጉየን ከተወረሰች በኋላ፣ በጥር 1340 በጌንት ከተማ ነው። ይህም ለፍላንደርስ ሰዎች ጠቀማቸው፦ ከእሱ ጎን ሲሰለፉ በንጉሣቸው ላይ ያመፁ ሳይሆኑ «እውነተኛውን ንጉሥ» የተከተሉ ይሆናሉ።

ቀኖቹን ወደ እኛ አቆጣጠር እንዴት እመልሳቸው?

በዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በዚያ ዘመን አውሮፓ የምትጠቀመው በዩልዮስ ቄሳር አቆጣጠር ነበር፤ ጎርጎርዮሳዊው የመጣው በ1582 ነው። የእኛ አቆጣጠር ከዩልዮሳዊው ጋር ሳይንሸራተት አብሮ ይሄዳል፦ መስከረም 1 በዩልዮሳዊው ኦገስት 29 ላይ ይውላል፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ ኦገስት 30። በኢንተርኔት ያሉ መለወጫዎች የሰጠኸውን ቀን ጎርጎርዮሳዊ አድርገው ከቆጠሩት ውጤቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ለ14ኛው ክፍለ ዘመን ቀኖች 8፣ ከ1400 ወዲህ ላሉት 9 ቀን መጨመር ያስፈልጋል።

ለምሳሌ አዛንኩር የተካሄደው ኦክቶበር 25 ቀን 1415 ነው፤ በእኛ ጥቅምት 27 ቀን 1408 ይሆናል። ሳይታረም የሚሰጥ መለወጫ ጥቅምት 18 ይልሃል። ክሬሲ፣ ኦገስት 26 ቀን 1346፣ የዋለው ጳጉሜን 3 ቀን 1338 ነው። የሩፋኤል ዕለት መሆኑ ነው፤ የዘመኑ ጸሐፊዎችም ከውጊያው በፊት ኃይለኛ ዝናብ እንደወረደ ጽፈዋል። ዘመኑን በአገራችን ታሪክ ለማስቀመጥ ደግሞ፦ ጦርነቱ ሲጀመር በዙፋን ላይ የነበሩት ዐፄ ዓምደ ጽዮን፣ ሲያበቃ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው።

የእንግሊዝ ረጅም ቀስት ያን ያህል ኃይለኛ ነበር?

ኃይለኛ ነበር፣ ግን ብቻውን ተአምር አይሠራም። በ1545 በሰጠመችው ሜሪ ሮዝ መርከብ ውስጥ የተገኙት ቀስቶች የሰው ቁመት የሚያህሉና ከዚያም የሚበልጡ ናቸው፤ ለመሳብ ከ45 እስከ 80 ኪሎ የሚደርስ ጉልበት ይጠይቃሉ። እንዲህ ያለውን ቀስት የሚስብ ሰው የሚገኘው ከልጅነቱ ጀምሮ ከተለማመደ ብቻ ነው። ኤድዋርድ 3ኛ በ1363 ወንዶች በእሑድና በበዓላት ቀን ሌላ ጨዋታ ትተው ቀስት እንዲለማመዱ ያዘዘው ለዚህ ነው። ከረጅሙ ቀስት ጋር የሚወዳደረው በማስፈንጠሪያ የሚተኮሰው ቀስት ነበር፤ ያንን ማንም በአጭር ጊዜ ይማረዋል፣ ግን በደቂቃ ሁለት ያህል ጊዜ ብቻ ነው የሚተኮሰው። የሠለጠነ እንግሊዛዊ ቀስተኛ ለአጭር ጊዜ በደቂቃ አሥር ያህል መልቀቅ ይችላል።

እዚህ ላይ ስሌት ይግባ። አንድ እሥር 24 ፍላጻ ነው፤ ቀስተኛው በሙሉ ፍጥነቱ ከለቀቀ በሦስት ደቂቃ ያልቅበታል። አምስት ሺህ ቀስተኞች አንድ አንድ እሥር ቢይዙ 120,000 ፍላጻ ያስፈልጋል፣ ያውም ለደቂቃዎች። እያንዳንዱ ፍላጻ ዘንግ፣ የብረት ጫፍ፣ ሦስት የዝይ ላባና ክር ይፈልጋል። በ1417 ሄንሪ 5ኛ ከእያንዳንዱ ዝይ ስድስት የክንፍ ላባ ተነቅሎ እንዲሰበሰብ የአውራጃ ሹሞቹን ማዘዙ የሚያስቅ ሊመስል ይችላል፤ ያለዚያ ትእዛዝ ግን ጦሩ ባዶ እጁን ይቀር ነበር።

ቀስቱ የሚሠራባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ቀስተኛው ቀድሞ ቦታ መያዝ አለበት፤ ከፊቱ ጉድጓድ፣ ቁጥቋጦ ወይም የሾለ እንጨት ያስፈልገዋል፤ ከጎኑ የጦር ልብስ የለበሱ እግረኞች መቆም አለባቸው፤ ጠላትም ራሱ መምጣት አለበት። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ቀስተኛው ይታረዳል። በሰኔ 1429 ፓቴ ላይ የፈረንሳይ ፈረሰኞች ቀስተኞቹ እንጨታቸውን ተክለው ሳይጨርሱ ደረሱባቸው፤ የእንግሊዙ ጦር በአጭር ጊዜ ተበተነ።

አዛንኩር ላይ ምን ተፈጠረ? ጥቂት ሰዎች ያን ሁሉ ጦር እንዴት አሸነፉ?

ሄንሪ 5ኛ በነሐሴ 1415 ወደ 12,000 የሚሆን ጦር ይዞ ኖርማንዲ ወረደና አርፍለርን ከበበ። ከተማዋ በሴፕቴምበር 22 እጇን ሰጠች፣ ነገር ግን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሰፈሩን አዳከመው። ለከተማዋ ጥበቃ ሰው ትቶ፣ በሽተኛውን ወደ አገሩ ልኮ፣ የቀረውን ይዞ በየብስ በእንግሊዞች እጅ ወደነበረችው የካሌ ወደብ አቀና። የሶም ወንዝ መሻገሪያዎች ስለተዘጉበት ወንዙን ተከትሎ ሽቅብ መሄድ ግድ ሆነበት፤ በዚህም ስንቁ አለቀ። በመጨረሻ የፈረንሳይ ጦር መንገዱን ዘግቶ አገኘው።

ስለ ቁጥሩ የታሪክ ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ለእንግሊዞች ከ6,000 እስከ 9,000፣ ለፈረንሳዮች ደግሞ ከ12,000 ጀምሮ ወደ ላይ ይገመታል። በድሮ መጻሕፍት የምናገኘው «አንድ ለአሥር» የተጋነነ ነው።

ወሳኙ መሬቱ ነው። ሜዳው በሁለት ጫካ መካከል የጠበበ፣ ለስንዴ አዲስ የታረሰና ሌሊቱን ዝናብ ያደረበት ነበር። ሄንሪ ቀድሞ ተንቀሳቅሶ ቀስተኞቹን በፍላጻ መድረሻ ርቀት አቆመ፣ የሾሉትን እንጨቶች አስተከለና ማስወንጨፍ ጀመረ። ፈረንሳዮች በፈረስ ያደረጉት የመጀመሪያ ጥቃት ከሸፈ፤ የቆሰሉት ፈረሶች ወደ ኋላ ዞረው የራሳቸውን እግረኛ ረገጡ፣ ጭቃውንም የባሰ አቦኩት። ሃያ አምስት ሠላሳ ኪሎ ብረት የለበሰ ሰው በዚያ ጭቃ ጭንቅላቱን አቀርቅሮ ብዙ መቶ ሜትር ሲጓዝ ከጠላቱ ጋር ሳይገናኝ ይደክማል። ከፊት ያሉት ቆሙ፣ ከኋላ ያሉት ገፉ፤ የወደቀው ሳይነሣ ታፈነ። ቀስተኞቹ ፍላጻቸው ሲያልቅ መዶሻና ሰይፍ ይዘው ገቡ፤ ቀላል ልብስ ስለለበሱ በጭቃው ውስጥ እንደልብ ይንቀሳቀሳሉ።

ሄንሪ በውጊያው መካከል የተማረኩት እንዲገደሉ አዘዘ፤ ከኋላ ሌላ ጥቃት ይመጣል ብሎ ሠግቶ ነው ይባላል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን የወረደው ግፍ ነውና ሊሸፈን አይገባም። ከተማረኩት መካከል የኦርሌያን መስፍን ሻርል በእንግሊዝ 25 ዓመት ታስሮ ኖሯል።

ሁለት ጣት ማሳየት ከአዛንኩር የመጣ ስድብ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

የጣት ምልክቱ ከዚያ ውጊያ ለመምጣቱ የዘመኑ ማስረጃ የለም።

ወታደሩ ምን ይከፈለው ነበር?

የእንግሊዝ ጦር በውል የሚቀጠር ነበር። ውሉ በአንድ ብራና ላይ ሁለት ጊዜ ይጻፍና መካከሉ በጥርስ ቅርጽ ይቆረጣል፤ አንዱን ንጉሡ፣ አንዱን የጦር አለቃው ይይዛል። ክርክር ሲነሣ ሁለቱ ጥርሶች ይገጠማሉ። በ1415 የቀን ሒሳቡ እንዲህ ነበር፦ ለቀስተኛ 6 ፔኒ፣ ሙሉ የጦር ልብስ ላለው ተዋጊ 12 ፔኒ ወይም 1 ሺሊንግ፣ ለናይት (የክብር ማዕረግ ላለው ፈረሰኛ) 2 ሺሊንግ። የቀስተኛው ደመወዝ የእርሻ የቀን ሠራተኛ ከሚያገኘው ይበልጣል። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት በቅድሚያ ይከፈላል፤ ለሁለተኛው ሄንሪ ገንዘብ አጥሮት የቤተ መንግሥቱን ጌጣጌጥ መያዣ አድርጎ ሰጥቷል።

ሰውን ወደ ዘመቻ የሚስበው ግን ደመወዙ ሳይሆን ምርኮው ነው። የማረከ ሰው የማስለቀቂያ ገንዘብ ይቀበላል፤ ከምርኮው ሲሶ ለአለቃው ይገባል፣ አለቃውም ከዚያ ሲሶውን ለንጉሡ ያስገባል። ባላባት በሜዳ ላይ ከሚሞት ይልቅ ቢማረክ ለሁሉም ይሻላል። ድሃ እግረኛ ግን የሚከፍልለት ስለሌለ ምሕረት አያገኝም።

በትልልቆቹ ውጊያዎች መካከል ምን ይደረግ ነበር?

አብዛኛው ገበሬ ጦርነቱን ያወቀው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዞች ፈረንሳዮች ሸቮሼ የሚሉትን ዘመቻ ያካሂዱ ነበር፦ በፈረስ የሚንቀሳቀስ ጦር በሰፊው ተዘርግቶ አገር እያቃጠለ ያልፋል። በ1355 መጸው «ጥቁሩ ልዑል» የሚባለው የኤድዋርድ ልጅ ከቦርዶ ተነሥቶ በሜዲትራኒያን አቅራቢያ እስካለችው ናርቦን ድረስ ሄዶ ተመለሰ፤ ሁለት ወር ፈጀበት። መንደር፣ ጎተራ፣ ወፍጮና የወይን ቦታ ተቃጠለ። ዓላማው ጭካኔ ብቻ አልነበረም፦ የተቃጠለ መንደር ለፈረንሳዩ ንጉሥ ግብር አይከፍልም፣ ሕዝቡም «ንጉሣችን ሊጠብቀን አልቻለም» ይላል። ንጉሡ በቁጣ ለውጊያ ከወጣ ደግሞ ቀስተኞቹ ይጠብቁታል። በሴፕቴምበር 1356 ፗቲየ አጠገብ የሆነው ይኸው ነው።

የዚህ ዘመቻ ድክመቱ መቆም አለመቻሉ ነው። ጦሩ ያለፈበትን ስለሚበላና ስለሚያቃጥል በአንድ ቦታ ሳምንታት ቢቆይ ይራባል፤ ከባድ የከበባ መሣሪያ ስለማይዝም ግንብ ያለውን ከተማ ትቶ ያልፋል። ሻርል 5ኛ ይህን ተረዳ። «ሰው ከነከብቱ ግንብ ውስጥ ይግባ፣ ማንም ወደ ሜዳ አይውጣ» የሚል ነበር መላው። በ1373 የላንካስተር መስፍን ከካሌ እስከ ቦርዶ ፈረንሳይን አቋርጦ ዘመተ፤ የሚዋጋው አላገኘም፣ ቦርዶ ሲደርስ ግን ፈረሶቹ በአብዛኛው አልቀው ነበር።

ዕርቅም ለገበሬው ዕረፍት አልነበረም። ከ1360 የብሬቲኚ የሰላም ውል በኋላ ሥራ የፈቱ ወታደሮች «ታላላቅ ጓዶች» የሚባሉ ሽፍታ ጭፍሮች ሆነው አገሩን አመሱ፤ በአቪኞን የነበረውን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሳይቀር ገንዘብ አስከፍለዋል።

የካሌ ከበባ ለምን አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ድረስ ቆየ?

ግንቡ በውሃና በረግረግ የተከበበ ስለነበር ለመሰላልም ለድንጋይ ወርዋሪም አይመችም። ኤድዋርድ ከክሬሲ በኋላ በሴፕቴምበር 1346 ደርሶ ለሠራዊቱ የእንጨት ከተማ ከነገበያው አሠራና ረኃብን ጠበቀ። ከባሕር የሚመጣው ስንቅ ሙሉ በሙሉ የተዘጋው ቆይቶ ነው። ፊሊፕ 6ኛ ጦር ይዞ መጥቶ ሰፈሩን አይቶ ተመለሰ፤ ከተማዋ በኦገስት 1347 መጀመሪያ እጇን ሰጠች። የከተማዋን ቁልፍ ይዘው የወጡት ስድስት ነዋሪዎች በንግሥት ፊሊፓ ልመና ከሞት እንደተረፉ ይተረካል። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ተባረው በእንግሊዞች ተተኩ። ክሬሲ ሲነሣ ብዙ ሰው ቀስቱን ያስታውሳል፤ ከክሬሲ የተገኘው ዘላቂ ትርፍ ግን ይህች ወደብ ናት፦ ለ211 ዓመት ያህል በእንግሊዝ እጅ ቆየች።

ወዲያው ጥቁር ሞት የሚባለው ወረርሽኝ ደረሰ። ከሕዝቡ ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ስለጨረሰ ሁለቱም ወገን ለዓመታት ትልቅ ዘመቻ ማድረግ አልቻለም።

የፈረንሳይ ንጉሥ ተማርኮ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። ዣን 2ኛ በፗቲየ ተማርኮ ለንደን ተወሰደ። በ1360 በብሬቲኚ በተደረሰው ስምምነት የማስለቀቂያው ገንዘብ 3 ሚሊዮን የወርቅ ኤኩ ሆነ፤ ኤድዋርድም ሰፋ ያለ አኪቴንን ያለ እጅ መንሳት እንዲይዝ፣ በምላሹ የፈረንሳይን ዙፋን ጥያቄ እንዲተው ተስማሙ። ንጉሡ ሲለቀቅ «ነጻ» የሚል ትርጉም ያለው ፍራንክ የተባለ ሳንቲም ተቀረጸ፤ ይህ ስም እስከ ዩሮ መምጣት ድረስ የፈረንሳይ ገንዘብ ስም ሆኖ ኖረ። ዣን ግን መያዣ ሆኖ የቀረው ልጁ ስላመለጠ በፈቃዱ ወደ ለንደን ተመልሶ እዚያው በ1364 ሞተ።

ገንዘቡ ተከፍሎ አላለቀም። የታሪኩ ዋና ጉዳይ ግን ያ አይደለም። ማስለቀቂያውን ለመክፈል የተጣለው የጨውና የሸቀጥ ግብር ንጉሡ ከሞተም በኋላ አልተነሣም። ለውርደት የተከፈለው ገንዘብ የፈረንሳይን መንግሥት የግብር መሠረት ጣለ፤ ሻርል 5ኛና አዛዡ ቤርትራን ዱ ጌክላን የጠፋውን ግዛት የመለሱት በዚያ ገንዘብ ነው። እንግሊዝ ግን ጦር ባስፈለጋት ቁጥር ፓርላማዋን መለመን ነበረባት፤ በ1381 የነፍስ ወከፍ ግብሩ የገበሬ ዐመፅ አስነሣባት።

የብሬቲኚ ሰላም የፈረሰው በዚያው በድሮው ቁስል ነው። ጥቁሩ ልዑል በአኪቴን የጢስ ግብር ሲጥል የአርማኛክና የአልብሬ ባላባቶች ይግባኝ ብለው ፓሪስ ሄዱ፤ ሻርል 5ኛ ይግባኙን ተቀበለ፣ በ1369 ጦርነቱ ቀጠለ።

አንድ ንጉሥ የገዛ ልጁን ነቅሎ ዘውዱን ለጠላቱ እንዴት ይሰጣል?

የ1420 የትሯ ውል የሚገባን የፈረንሳይን የርስ በርስ ጦርነት ስናውቅ ነው። ሻርል 6ኛ ከ1392 ጀምሮ የአእምሮ ሕመም ይነሣበት ነበር። በእሱ ስም ለመግዛት የኦርሌያንና የቡርጎኝ ቤቶች ተፋጠጡ። በ1407 የቡርጎኙ መስፍን ሰዎች የኦርሌያኑን መስፍን በፓሪስ ጎዳና ገደሉት። በ1419 ደግሞ በሞንትሮ ድልድይ ላይ ለዕርቅ በተቀጠረ ስብሰባ የአልጋ ወራሹ፣ የንጉሡ ልጅ ሻርል፣ ሰዎች የቡርጎኙን መስፍን ገደሉ። የሟቹ ልጅ ፊሊፕ ለአባቱ ደም ሲል ከእንግሊዞች ጋር አበረ። ፓሪስም ንጉሡም በቡርጎኝ እጅ ስለነበሩ ውሉ ተፈረመ፦ ሄንሪ 5ኛ የንጉሡን ልጅ ካትሪንን ያገባል፣ እንደራሴ ይሆናል፣ ሻርል 6ኛ ሲሞት ይነግሣል።

ሄንሪ ግን በኦገስት 31 ቀን 1422 በቫንሰን ሞተ፤ አማቱ ሻርል 6ኛ የሞተው በኦክቶበር 21 ነው። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ አመለጠው። ሁለቱ ዘውዶች ዓመት ላልሞላው ሕፃን ለሄንሪ 6ኛ ወረዱ።

ዣን ዳርክ በትክክል ምን አደረገች?

ዶምሬሚ በምትባል መንደር የተወለደች የገበሬ ልጅ ናት። በ1429 መጀመሪያ ላይ፣ ዕድሜዋ 17 ገደማ ሳለ፣ ሺኖን ሄዳ ከአልጋ ወራሹ ሻርል ጋር ተገናኘች። ኦርሌያን ከኦክቶበር 1428 ጀምሮ ተከባ ነበር። ዣን በኤፕሪል 29 ከተማዋ ገባች፣ በሜይ 8 ከበባው ተነሣ። አዛዦቹ ሌሎች ነበሩ፤ እሷ ሰንደቅ ይዛ ከፊት የምትሄድ፣ ተስፋ የቆረጠውን ጦር ያስነሣች ናት። በኦርሌያን ዙሪያ የነበሩት የእንግሊዝ ምሽጎች የተራራቁና ሰው ያነሳቸው መሆናቸውም ረድቷል።

ትልቁ ሥራዋ ከዚያ በኋላ ነው። አማካሪዎች ወደ ኖርማንዲ እንዝመት ሲሉ እሷ ወደ ሬንስ እንሂድ አለች፤ የፈረንሳይ ንጉሥ የሚቀባው እዚያ ነውና። መንገዱ በጠላት ግዛት ውስጥ ያልፋል፣ ከተሞቹ ግን አንድ በአንድ በራቸውን ከፈቱ። በጁላይ 17 ቀን 1429 ሻርል 7ኛ ተቀባ። ከዚያ ቀን በኋላ የሕፃኑ ሄንሪ ዘውድ በሕዝቡ ዓይን ሁለተኛ ሆነ፤ እንግሊዞች በ1431 መጨረሻ ፓሪስ ላይ ቢያነግሡትም የዘገየ ነበር።

ዣን በሴፕቴምበር 1429 በፓሪስ ላይ ያደረገችው ጥቃት ከሸፈ፣ ቆሰለችም። በሜይ 1430 ኮምፒዬኝ ላይ ቡርጎኞች ማረኳት፤ እነሱም ለእንግሊዞች በ10,000 የፈረንሳይ ሊቭር ሸጧት። የቦቬ ጳጳስ ፒየር ኮሾን በመራው ችሎት በመናፍቅነት ተፈረደባትና በሜይ 30 ቀን 1431 ሩዋን ላይ ተቃጠለች፤ በእኛ ሰኔ 5 ቀን 1423። ሻርል 7ኛ ሊያስለቅቃት ይህ ነው የሚባል ጥረት አላደረገም፤ ዘውዱን ለሰጠችው ልጅ የተመለሰላት ይህ መሆኑ ያሳዝናል። ፍርዱ በ1456 ተሻረ፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1920 ቅድስት ብላታለች።

እንግሊዞች በመጨረሻ የተሸነፉት በመድፍ ነው?

መድፉ በሩን ዘጋ እንጂ ብቻውን አላሸነፈም። ቀድመው ሦስት ነገሮች ተለውጠው ነበር። አንደኛ፣ በ1435 በአራስ ቡርጎኝ ከሻርል 7ኛ ጋር ታረቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት ፓሪስ ተመለሰች። ሁለተኛ፣ እንግሊዝ በዕዳ ተዘፈቀች፤ በ1433 የዘውዱ ዕዳ ከ160,000 ፓውንድ በላይ ነበር፣ ኖርማንዲን የሚጠብቁት ወታደሮችም ደመወዝ ይቀርባቸው ጀመር። ያልተከፈለው ወታደር ገበሬውን ይዘርፋል፣ የተዘረፈው ገበሬ ለፈረንሳይ በር ይከፍታል። ሦስተኛ፣ ሻርል 7ኛ ከ1444 የቱር ዕርቅ በኋላ ጊዜውን ተጠቀመበት። በ1445 ቋሚ የፈረሰኛ ጦር አቋቋመ፦ 15 ጓድ፣ በእያንዳንዱ 100 ላንስ፣ በእያንዳንዱ ላንስ አንድ የጦር ልብስ የለበሰ ተዋጊና ሁለት ቀስተኞች ከነረዳቶቻቸው፣ በድምሩ ስድስት ሰው። ያ በድምር 9,000 ያህል ሰው ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ከግብር የሚከፈለው፣ በሰላምም የማይበተን።

በመድፉ በኩል ዣን ቢዩሮና ወንድሙ ጋስፓር ሥራውን በሥርዓት ያዙት፦ ባሩዱን፣ ጥይቱን፣ የሚጎትቱትን ፈረሶች፣ የሚቆፍሩትን ሠራተኞች ሁሉ። በ1449 ኖርማንዲ ስትጠቃ ብዙ ከተሞች መድፉ ገና ሲተከል ተደራድረው እጅ ሰጡ፤ ግንቡ እንደሚፈርስ ያውቃሉና። በኤፕሪል 1450 የመጨረሻው የእንግሊዝ ደራሽ ጦር ፎርሚኚ ላይ ተደመሰሰ።

ቦርዶ በ1451 ተያዘች፤ ነገር ግን ሕዝቧ ለሦስት መቶ ዓመት ወይኑን ለእንግሊዝ ሲሸጥ የኖረ ነውና በ1452 ሽማግሌውን አዛዥ ጆን ታልቦትን በደስታ ተቀበለ። በጁላይ 17 ቀን 1453 ታልቦት ካስቲዮንን ከከበበው የፈረንሳይ ጦር ጋር ገጠመ። ቢዩሮ ሰፈሩን በጉድጓድና በአፈር ግንብ አጥሮ መድፎቹን ደርድሮ ነበር። ታልቦት ከሰፈሩ የሚነሣ አቧራ ሲያይ ጠላት ሸሸ ብሎ፣ የቀረው እግረኛው ሳይደርስ አጠቃ፤ የሚሄዱት ግን ከሰፈሩ እንዲወጡ የተደረጉ ፈረሶች ነበሩ። ክሬሲ ተገለበጠ ማለት ይቻላል፦ በዚህ ጊዜ ከምሽግ ጀርባ ሆነው የጠበቁት ፈረንሳዮች፣ በግልጽ ሜዳ የመጡት እንግሊዞች ናቸው። ታልቦት ከልጁ ጋር ሞተ፤ ቦርዶ በኦክቶበር 19 እጇን ሰጠች።

ከ1453 በኋላ የሰላም ውል ተፈርሟል?

በዚያ ዓመት አልተፈረመም። እንግሊዝ በ1455 በጀመረው የርስ በርስ ጦርነት ተጠመደች። ኤድዋርድ 4ኛ በ1475 እንደገና ጦር አሻግሮ ነበር፤ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 11ኛ ግን በፒኪኚ 75,000 ኤኩ ከፍሎ፣ በየዓመቱ 50,000 ሊጨምርለት ተስማምቶ ያለ ውጊያ መለሰው። ካሌን ፈረንሳይ ያስመለሰችው በጥር 1558 ነው። የእንግሊዝ ነገሥታት «የፈረንሳይ ንጉሥ» የሚለውን ማዕረግ ከስማቸው ያወጡት ደግሞ በ1801 ነው።

ዛሬ የሚታይ ምን አለ?

በሩዋን ዣን የተቃጠለችበት አሮጌው የገበያ አደባባይ በስሟ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለው። በፓሪስ ዳርቻ ሄንሪ 5ኛ የሞተበት የቫንሰን ግንብ ቆሟል፤ መቃብሩ ለንደን ዌስትሚንስተር አቢ ነው። የጥቁሩ ልዑል መቃብር ካንተርበሪ ካቴድራል ውስጥ ይገኛል። በአዛንኩር መንደር ሙዚየም አለ፤ ሜዳው አሁንም የእርሻ መሬት ስለሆነ በመጸው ዝናብ ወቅት የሄደ ሰው ጭቃውን በእግሩ ያየዋል። ካስቲዮን ደግሞ ዛሬ ስሟ ካስቲዮን ላ ባታይ ነው፤ «የውጊያዋ ካስቲዮን» ማለት ነው።